ሾርባ የማያውቅ ማንኪያ

ከሂርማታ ገበያ በታች፣ ዝናቡ ድንገት ሲወርድ፣ ሰው ሲበተን፣
ከቆርቆሮዬ ጥግ አንዲት ፈረንጅ ገብታ ተጠለለችን።
ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ጃንጥላዋ ተገልብጦ፣
ውሃው በአንገትጌዋ ገብቶ በእጅጌዋ አምልጦ።
«ይህ ዝናብ ቁርጥ የአገሬን ነው» አለችና ሳቀች፤
በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ አንድ ማንኪያ ሳለች።
እጀታው ሰንሰለት፤ ከሰንሰለቱ በላይ ቀፎ፤
በቀፎው ውስጥ ሁለት ኳስ፣ መውጫ የሌለው፣ ተቆልፎ።
«ሁሉም ከአንድ እንጨት፤ ሙጫ የለ፣ ሚስማር የለ።»
ረዳቴ ሻፊ፣ «በዚህ ሾርባ ሊጠጣ?» አለ።

«አይበላበትም። በእኛ አገር ጎረምሳ ሴት ሲወድ
ክረምቱን ሙሉ ይቀርጻል፣ እሳት ዳር፣ ከአንድ ግንድ።
ከተቀበለችው፣ ነገሩ አለቀ፤
እምቢ ካለችውም፣ እጁ ሙያ አወቀ።»

«እንግሊዞች ጉድ እኮ ናችሁ» ስላት ፊቷ ቅጭም አለ፤
«እንግሊዝ አይደለሁም። ዌልስ የሚባል አገር አለ።
ኤሌሪ እባላለሁ። ዌልስ ያሉን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤
‹ባዕዳን› ማለት ነው፤ በገዛ ደጃችን፣ በእነሱ አፋቸው።
እኛ ‹ከምሪ› እንላለን፤ ‹ያገር ልጆች› እንደማለት ነው።»
መላጊያዬን አስቀመጥኩ። ይህስ የማውቀው ነገር ነው።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ ጋሽ ወልደሰንበት፣
ከስልኳ ላይ ባንዲራዋን አይቶ ገባበት፦
«ቀይ ዘንዶ? በባንዲራ? ጊዮርጊስ የት ሄዶ?»
«ጊዮርጊስማ የእንግሊዞች ነው፤ የእኛ» አለች፣ «ዘንዶ!»
ሳቅን። ጋሽ ወልደሰንበት አማተበ፣ እየሳቀ።

ከዚያ ስለ አንድ ሸለቆ አወራች፤
ለሩቅ ከተማ ቧንቧ ሲባል ውሃ ስለዋጠው፤
ጸሎት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፤ ሰዉን ማንም ሳይጠይቀው።
ሻፊ ጭጭ አለ። እናቱ የግቤ ዳር ሴት ናት፤
ዛሬ ዓሣ ይዋኝበታል፣ የተወለደችበት ቤት።

ልትሄድ ስትል መለስ አለች።
«አንዲት ጣውላም እፈልጋለሁ፣ የመዳፍ ያህል፤
አናቷ ላይ የገመድ ቀዳዳ፣ ከሥሩ ሁለት ፊደል።
የአያቴ እናት፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ትምህርት ቤት፣
በእናቷ ቋንቋ ስትናገር አንገቷ ላይ ያንጠለጠሉባት።
ሌላ ልጅ ሲያመልጠው ሰምታ ካላሳለፈች፣
ሲደወል የያዘቻት እሷ ናት፤ እሷው ተገረፈች።»

መሮው ከእጄ ወደቀ።

ሦስተኛ ክፍል። የእኛዋ ዋንዛ ነበረች፣ በሲባጎ ታስራ፤
ኦሮምኛ ያመለጠው ይለብሳታል በተራ።
አንድ ቀን፣ ሊደወል ሲል፣ እኔ አንገት ላይ ነበረች።
ዱላው ታየኝ። ናስር አጠገቤ ነው፣ ጓደኛዬ፤
በባዶ እግሩ ላይ ቆምኩበት። ሆን ብዬ።
«አዮ!» ብሎ እናቱን ጠራ፣ በእናቱ ቋንቋ፤
አወለቅሁ። አጠለቅሁለት። በቃ።

መምህሩን ረስቼዋለሁ፤ መልኩንም፣ ስሙንም።
ሲባጎውን የያዘ እጄን ግን አልረሳሁትም።

ይህን የምነግራችሁ ያኔ በዱላ በገባኝ ቋንቋ ነው፤
እወደዋለሁ ደግሞ፣ ምን ላድርግ፤ ሒሳቤም ሕልሜም በእሱ ነው።
እሷም አገሯን ያስረዳችኝ በእንግሊዝኛ፤
በተውሶ ጎዳና ላይ ሁለት መንገደኛ።

ማንኪያው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሲወዘወዝ ኳሶቹ ይንኳኳሉ።
ጣውላዋንም ላግኳት፣ በሳኋት፣ ገመድ አስገባሁ፤
ፊደሉን ግን አልቀረጽኩም። «ረሳኸው?» አለችኝ።
«አልረሳሁም» አልኳት።
ባዶዋን ጣውላ አገላብጣ አየች፤ ከፈለችኝ፤ አልተከራከረችም።

ናስር አጋሮ ነው አሉ፤ ወፍጮ ቤት አለው።
ሁለተኛ ማንኪያ ጀምሬአለሁ፣ ከዚያው ግንድ።
ሻፊ «ለማን ነው? ሚስት አለህ» እያለ ይስቅብኛል።
ቀፎው ጥሩ ወጣልኝ።
ሰንሰለቱ ነው ያስቸገረኝ።